ካዛንቺስን ማን ሠራው? ስለ ድሮ ሰፈሮቻችን ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን የሚደርሰኝ ጥያቄ አብዛኛው ስለ ካዛንቺስ ነው። ሰፈሩ በ2017 መግቢያ ላይ ፈርሶ ሰዉ ከተበተነ ወዲህ የብዙዎቻችሁ ልብ እዚያው እንደቀረ ከምትጽፉት ያስታውቃል። የእኔም እዚያው ነው።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስን እውነት ጣሊያን ነው የሠራው?

አዎ። በ1928 አዲስ አበባን ሲይዝ ከአገሩ ለሚያመጣቸው የመንግሥት ሠራተኞች ቤት አስፈለገው። ለእነሱ ቤት የሚሠራው ድርጅት በምህጻሩ ኢንቺስ ይባል ነበር፤ የኢንቺስ ቤቶች ለማለት “ካዜ ኢንቺስ” ሲሉ እኛ ካዛንቺስ አልነው። ይሄን ብዙ ሰው ያውቃል፤ ከስሙ ይልቅ ፕላኑን ብታውቁት ደስ ይለኛል። ጉዊዲና ቫሌ የተባሉ ሁለት ጣሊያኖች ያወጡት ማስተር ፕላን ነጩንና ሐበሻውን ለያይቶ ለማስፈር የታሰበ ነበር። ለጣሊያኑ በስተምሥራቅ ግቢ ያለው ቪላ፣ ለአገሬው በስተምዕራብ አዲስ ከተማ። ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያም ተነስቶ ወደዚያ ሄደ፣ ዛሬ መርካቶ የምንለው እሱ ነው።

ከዚያ በፊት አዲስ አበባ እንዲህ አልነበረችም። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር የምንላቸው በመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ የተሰባሰቡ ናቸው፤ ጌታው ከፍ ካለው ቦታ ላይ፣ ወታደሩና አሽከሩ ዙሪያውን፣ ሀብታሙና ድሃው ጎን ለጎን። ጣሊያን ይሄንን ነው ሊበትን የመጣው። አምስት ዓመት አልበቃውም። በ1933 ሲወጣ ቪላዎቹ ቀሩ፣ በየግቢው ሰርቪስ ተቀጠለ፣ ከጀርባ ጭቃ ቤት ተሠራ፣ ሰውን ከሰው ለመለየት የተሰመረው ሰፈር ባለሥልጣኑም ጉሊት ቸርቻሪዋም ባንድ እድር የሚቀባበሩበት ሆነ። ካዛንቺስን የምወደው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ። “ለኮርቡዚዬ” የተባለው ዝነኛ የውጭ አርክቴክት ለአዲስ አበባ ፕላን አውጥቶ ነበር ይባላል፣ እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ግን ከንድፍ አላለፈም። በወረራው ሰሞን ለጣሊያኖቹ ላከላቸው። የነበረችውን ከተማ ከቁብ አልቆጠራትም፣ ባዶ መሬት ያገኘ ይመስል ነው ያሰመረው። እንኳንም አልሆነ።

ጥያቄ፦ የድሮውን የፒያሳ ቤትና የጣሊያኑን በምን ልለይ?

ቀና ብለሽ እዪ። ከጣሊያን በፊት የተሠራው ብዙ ጊዜ የእንጨት ሰገነት አለው፣ መከታው የተቀረጸ፣ የቆርቆሮ ጣሪያው ሾጠጥ ያለ። የአርመንና የሕንድ ባለሙያዎች እጅ አለበት። ልስኑ የተላቀቀበት ካገኘሽ ደግሞ ጠጋ በዪ፤ የቆመው እንጨት፣ አግድም የተመታው ማገር፣ ጭቃው ውስጥ ያለው ጭድ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የጣሊያኑ ጌጥ አያበዛም፣ ቀጥ ያለ መስመርና ድፍን ያለ ግንብ ነው። ለመጀመሪያው ዓይነት ጣይቱ ሆቴል ሂጂ። የምኒልክ ዘመን ቤት ነው። በ2007 ተቃጥሎ ነበር፣ ዛሬም ግን ቆሟል።

ጥያቄ፦ የቀበሌ ቤትና የኪራይ ቤቶች ልዩነታቸው ምንድነው?

በአዋጅ 47/1967 ትርፍ ቤት ሁሉ ሲወረስ፣ የወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ኪራይ ቤቶች ለሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተሰጠ። የቀበሌው ኪራይ ለማደሻ የሚበቃ አልነበረም። ብዙው ቤት ያረጀው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ያደግኩበት ቤት ፈርሶ አሁን ተነሺዎች በሰፈሩበት በገላን ጉራ ነኝ። የቀረኝ አንድ ፎቶና የቆየ የኪራይ ደረሰኝ ነው። ለማን ይጠቅማል?

እትዬ፣ በጣም ይጠቅማል! ደረሰኙን እንዳይጥሉት። የቤት ቁጥሩ ከድሮ ካርታ ጋር ሲገናኝ ቤትዎ የት እንደነበረ ያሳያል። ፎቶው ጀርባ ላይ የሰዎቹን ስም በእርሳስ ይጻፉ። ከዚያ ወረቀት ያምጡና የቤቱን ቅርጽ በእጅዎ ይሳሉት፤ በሩ በየት በኩል ነበር፣ ማድ ቤቱ የት፣ ቆጡ ላይ ማን ይተኛ ነበር፣ ቧንቧውን ከማን ጋር ትጋሩ ነበር። መስመሩ ቢጣመም ግድ የለም። ሲጨርሱ ይላኩልኝ፣ ከላይ የጠየቀኝ ተማሪም ፈቃደኛ ከሆነ አገናኛችኋለሁ። እርስዎ እየነገሩት እሱ በልኩ ያነሳዋል።