ጸጥ ያለች የፊዮርድ መንደር ለጠየቅሽው እህታችን፦ ሶልቮርን ሂጂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ጁላይ ላይ እናትሽንና ሁለት ልጆችሽን ይዘሽ ከቨርጂኒያ ኖርዌይ ትመጫለሽ። ሁሉም ሰው ፍሎም ሂዱ ይልሻል፤ አንቺ ግን የምትፈልጊው ግርግር የሌለባት ትንሽ የፊዮርድ መንደር ነው፤ ማለትም ባሕሩ በተራሮች መሐል ወደ መሬት በዘለቀበት ጠባብ ውሃ ዳር ያለች። እዚያ ደርሰንስ ምን እናያለን ብለሻል። እኔ የምኖረው በርገን ነው፤ እንግዳ ሲመጣብኝ የምወስደው ሶልቮርን ነው። ሳላቅማማ እዚያ ሂጂ እልሻለሁ፤ ግን ደርሶ ለመመለስ ሳይሆን ለማደር።

ፍሎም የሚጠላ ሆኖ አይደለም። ከተራራው ወደ ፊዮርዱ የሚወርደው ባቡር በእውነት ድንቅ ነው። ነገር ግን ትልልቆቹ የሽርሽር መርከቦች ሲቆሙ መንደሩ በሰው ይጥለቀለቃል። እናትሽን ይዘሽ ወረፋ ለወረፋ መንከራተት ደግሞ ደስ አይልም።

ሶልቮርን ያለችው ሉስትራፊዮርድ ዳር ነው። ይሄ የሶግነፊዮርድ አንዱ ክንድ ነው። ሶግነፊዮርድ ራሱ ከባሕሩ ተነስቶ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ መሬት ይዘልቃል፤ ጥልቀቱም ከ1,300 ሜትር ያልፋል። መንደሯ ነጫጭ የእንጨት ቤቶች፣ ውሃው ላይ የተደገፉ የጀልባ ማቆያዎች፣ የአትክልት ቦታዎች፣ ካፌና አንድ የቆየ ሆቴል ናት፤ በቃ ይሄው ነው። ሆቴሉ ዋላከር ይባላል። ከ1640 ጀምሮ እንግዳ የሚቀበል ቤት ነው፤ ከ1690 ወዲህ ደግሞ ከአንድ ቤተሰብ እጅ አልወጣም። ዋጋው ጠንከር ይላል። ከበዛብሽ እዚያው መንደር ውስጥ ኤፕሌት የሚባል፣ ከፖም እርሻ ጋር ያለ ቀለል ያለ ማደሪያ አለ። ለልጆች እሱ ይሻላል ባይ ነኝ።

ውሃውን ስታይ ቀለሙ ይገርምሻል፤ ወተት ጠብ ያለበት አረንጓዴ ነው። ምክንያቱ ከላይ ያለው ዮስተዳልስብሬን ነው። በዋናው የአውሮፓ ምድር ከሱ የሚተልቅ የበረዶ ግግር የለም። በረዶው ድንጋዩን እየፈጨ ያደቅቀዋል፤ ዱቄቱ በበጋው ቅልጥ ውሃ ተጠርጎ ፊዮርዱ ውስጥ ይገባል። ልጆቹ መዋኘት ካማራቸው ትንሽ የባሕር ዳርቻ አለ፤ ብርዱን ግን አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከሶልቮርን ፊት ለፊት፣ በወዲያኛው ዳርቻ ኡርነስ አለች። ትንሽ ፌሪ ያሻግራል፤ ከሩብ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። እዚያ ያለው ቤተ ክርስቲያን ኖርዌይ ውስጥ ከቀሩት 28 ስታቭ የሚባሉ የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ የሚቀድም ነው ይባላል። የተሠራው በ1130ዎቹ ገደማ ነው። እንጨት ይህን ያህል ዘመን እንዴት ቆመ? ከሱ በፊት የነበሩት ምሰሶዎቻቸው መሬት ውስጥ ስለሚተከሉ ከሥር ይበሰብሱ ነበር። የዚህኛው ምሰሶዎች ግን የቆሙት በድንጋይ መሠረት ላይ በተጋደመ ወፍራም ግንድ ላይ ነው፤ እርጥበት አይነካቸውም። ውጪው ደግሞ ቅጥራን ይቀባል። ፀሐይ በወጣበት ቀን ገና ሳትጠጊው ሽታው ይቀበልሻል።

ሰዉ ቲኬት እንደቆረጠ ቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባል። እባክሽ አንቺ መጀመሪያ ወደ ሰሜኑ ግድግዳ ዙሪ። እዚያ ያለው የተቀረጸ በር ከቤተ ክርስቲያኑም ይቀድማል፤ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረ ሌላ ቤተ ክርስቲያን መጥቶ የተገጠመ ነው። አራት እግር ያለው ቀጭን እንስሳ አንገቱን ቆልምሞ እባብ ነክሷል፤ እባቡም መልሶ ነክሶታል። ሌሎቹ እባቦች እየተጠማዘዙ በሩን ይከቡታል። አንዱን እባብ ከጭራው ጀምረሽ በዓይንሽ ተከተይው፤ የት እንደሚያልቅ ለማግኘት ጊዜ ይፈጃል። ልጆቹን የትኛው የማን ጭራ እንደሆነ ጠይቂያቸው፤ አይሰለቻቸውም። የጥበብ ታሪክ አጥኚዎች በመላው ስካንዲኔቪያ ያለውን የዚህን ዘመን ቅርጽ የሚጠሩት በዚህች መንደር ስም፣ የኡርነስ ስልት ብለው ነው።

ውስጡ ጠባብና ጨለም ያለ ነው። የምሰሶዎቹ ራስ ላይ አውሬዎች ተቀርጸዋል። ከመቅደሱ መግቢያ በላይ ስቅለቱ አለ፤ ግራና ቀኙ እመቤታችንና ቅዱስ ዮሐንስ ቆመዋል። እናትሽ አስጎብኚው ከመናገሩ በፊት ማን ማን እንደሆነ ያውቁታል። ይህንንም ንገሪያቸው፦ ላሊበላ በዩኔስኮ የተመዘገበው በ1978 ነው፤ ኡርነስ ተከትሎ በ1979። ሁለቱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከጀልባው መውረጃ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ነው። እናትሽ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ መኪናሽን ፌሪው ላይ ጭነሽ ተሻገሪ። ብዙ መኪና ስለማይዝ ቀደም ብለሽ ተሰለፊ። ራስበሪ የሚያመርቱ ገበሬዎች እዚያ አካባቢ አሉ፤ በወቅቱ ከሆነ ግዢ። መንገድ ዳር ሻጭ የሌለበት ጠረጴዛ ካየሽ አትገረሚ፤ ሒሳቡን አስቀምጠሽ ትወስጃለሽ። አገሬው የሚከፍለው ቪፕስ በሚባለው የስልክ መክፈያ ስለሆነና እንግዳ ሰው ስለማያገኘው፣ ጥቂት ክሮነር በእጅሽ ያዢ።

መኪናውን ካሻገርሽ አይቀር በዚያው ዳርቻ ወደ ላይ ንጂና ፌይገፎሰን የሚባለውን ፏፏቴ እዩ። ውሃው 218 ሜትር በአንድ ትንፋሽ ይወረወራል። እግሩ ሥር ለመድረስ ዳገት አለው፤ ድንጋዩም ያንሸራትታል፤ ስኒከር ሳይሆን ጠንካራ ጫማ ይሁን። እናትሽ ከታች ሆነውም ያዩታል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ትልቅ መኪና አትከራዪ።

ከበርገን የምትነጂ ከሆነ በላርዳል ዋሻ በኩል ነይ። 24.5 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዓለም ከሱ የሚረዝም የመኪና ዋሻ የለም። ሹፌር እንዳይደነዝዝ ብለው መሐሉ ላይ ሰማያዊ መብራት ያለባቸው ሰፋፊ አዳራሾች ሠርተውለታል፤ ልጆች ይወዱታል። ከዚያ በፎድነስ ፌሪ ተሻግረሽ ሶግንዳል ትደርሻለሽ። አስቤዛሽን እዚያው ሸምቺ፤ እሑድ ብዙው ሱቅ ዝግ መሆኑን አትርሺ። ከሶግንዳል ሶልቮርን በመኪና ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ለጎብኚ የሚከፈተው ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ስለሆነ ጁላይ ችግር የለም። ማደሪያውን ግን ዛሬ ነገ ሳትዪ ያዢ፤ መንደሯ ትንሽ ናት፣ አልጋው ቶሎ ያልቃል። የምትመጪበትን ቀን ከጻፍሽልኝ የፌሪውን ሰዓት አይቼ እልክልሻለሁ።