መልስ፦ የእንግሊዝ ሙሉ ቁርስ ሳይቀዘቅዝ እንዲደርስ

ወንድሜ፣ «ሶሴጁ ውጩ አርሮ ውስጡ ጥሬ ይሆንብኛል፣ እንቁላሉ እስኪደርስ ሌላው ይቀዘቅዛል» ላልከው፦ ሶሴጁን በቀዝቃዛ መጥበሻ ጀምረህ በዝግተኛ እሳት እያገላበጥክ 20 ደቂቃ ያህል ጥበሰው። አትውጋው፤ ጭማቂው ፈስሶ ይደርቃል። የቁርሱ ጣዕም ያለው መጥበሻው ላይ በሚቀረው ስብ ውስጥ ነው፤ ቤከኑንና (ስስ ተደርጎ የተቆረጠ ጨው ያለው የአሳማ ሥጋ) ብላክ ፑዲንጉን (ከደምና ከእህል የሚሠራ ሶሴጅ) በዚያው ጥበስ። የደረሰውን ከነሳህኑ 100 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ አቆየው። እንጉዳዩን ለብቻው፣ ሳታጨናንቅ፤ ጨው ቀድመህ ካደረግክበት ውሃ ያወጣና ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። የጣሳ ቦሎቄውን ማሞቅ ብቻ ነው። እንቁላሉ መጨረሻ ላይ ይሁን፦ ትኩሱን ስብ በማንኪያ እየጨለፍክ ነጩ ላይ አፍስስ፣ አስኳሉ ሳይጠነክር አውጣው። በተረፈው ስብ ዳቦ ጠብሰህ አስኳሉን በሱ ስበረው፤ ቢጫው ዳቦው ውስጥ ሲሰርግ ያኔ ብላ።