ተጨማሪው ታንከር ሞተሩን ለምን ያጠፋዋል?

ጥያቄ፦ በባለሦስት እግር የጭነት ሞተሬ ላይ 10 ሊትር የሚይዝ ተጨማሪ የቤንዚን ታንከር አስገጥሜያለሁ። የነዳጅ መስመሩን ወደ እሱ ሳዞረው ሞተሩ ሩብ ሰዓት ያህል ደህና ይሄድና ተንተፋትፎ ይጠፋል፤ ጥቂት ካረፈ በኋላ ግን ይነሳል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ሁለት ጊዜ አሳጥቤዋለሁ።

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሞተሩ በዋናው ታንከር ያለችግር የሚሠራ ከሆነ ካርቡሬተሩን ለሦስተኛ ጊዜ ማሳጠብ ገንዘብ ማባከን ነው። አርፎ መነሳቱ በይበልጥ የሚያስጠረጥረው የታንከሩን ክዳን ነው፤ ቤንዚኑ በጎደለ ቁጥር ቦታውን የሚተካ አየር ካልገባ የውስጡ ግፊት ይቀንስና ነዳጁ በራሱ ክብደት መውረዱን ያቆማል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠፋብዎ፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት ቦታ ክዳኑን ወዲያውኑ ቀስ አድርገው ይፍቱት፤ “ሽው” ብሎ አየር ከሳበና ሞተሩ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ከተነሳ ጥፋቱ ተገኝቷል። መፍትሔው መተንፈሻ ያለው ክዳን መግዛት ነው። ቤንዚን የነበረበትን ታንከር በመሰርሰሪያ መብሳት ግን፣ ባዶ ቢመስልም እንኳ፣ ውስጡ የቀረው ትነት ሊፈነዳ ስለሚችል ፈጽሞ አይሞክሩት። ክዳኑ ደህና ከሆነ ፊልትሮውንና ቱቦውን ይመልከቱ፤ የታንከሩ ታች ከካርቡሬተሩ ከፍ ማለት፣ ቱቦውም ሽቅብ ሳይታጠፍና ወደ ማርሚታው (ወደ ጭስ ማውጫው) ሳይጠጋ መውረድ አለበት።