ሰማያዊ የለበሰው ጣውላ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ለመጻሕፍት መደርደሪያ ብዬ ባለፈው ክረምት የገዛሁት ፓቱላ የሚባለው የጥድ ጣውላ ሰማያዊ እያለ ጠቆረብኝ፤ ቫርኒሽ ቢቀባም ያው ነው። አንድ ጓደኛዬ «ፊንላንዶች እንጨት በሙቀት ያበስላሉ፣ መልኩ ይስተካከላል» አለኝ። እውነት ነው? በቤቴ ምድጃ ልሞክረው?
ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እውነት ነው ልጄ፤ ምድጃሽን ግን ተዪው።

ሰማያዊው ሻጋታ ነው። ጣውላው እርጥብ ሳለ ከልጣጩ ስር ባለው ነጭ ክፍል ገብቶ ስኳሩን ይበላል። የእንጨቱን ቃጫ ስለማይነካ ጥንካሬው ብዙም አይጎዳም። ሐምሌ ላይ የሚሸጥ ጣውላ አልወድም፤ አየር እንዲያልፍ በመሃሉ ቀጭን ሞራሌ (ከፋፋይ እንጨት) ሳይገባ ይደረደርና ሸራ ይለብሳል፣ ከስር ያለው ላብ በላብ ይሆናል።

ፊንላንዶቹ የጥድ ዓይነት እንጨትን በ190 ወይም በ212 ዲግሪ ያበስሉታል፤ አየር እንዳይገባና እንዳይነድ በእንፋሎት እየጠበቁ። እንጨቱ እስከ ውስጡ ቡናማ ይሆናል። ሻጋታው ይሞታል እንጂ ሰማያዊው አይለቅም፤ ዙሪያው ሲጠቁር ይዋጣል። ውሃ የሚስበው የእንጨቱ ክፍል ስለሚፈርስም እንደ ድሮው አያብጥም፣ አይኮማተርም።

እኔም ሞክሬያለሁ። ፒያሳ፣ ከሱቄ ጀርባ ካለ ዳቦ ቤት ለምኜ ሁለት ጣውላ ማታ ምድጃው ውስጥ ከተትኩ። ጠዋት ዳር ዳሩ ከሰል፣ መሃሉ እንደነበረ ሆኖ አገኘሁት። የዚያን ዕለት ዳቦ ጭስ ጭስ አለ፤ ባለቤቱ ሳምንት ሙሉ ሰላምታዬን አልመለሰም። ቀጥሎ በበርሜል ቀቀልኩት። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ከዚያ ንቅንቅ የለም። ጣውላው ታጠበ፣ በቃ።

ደግሞስ የበሰለ ጣውላ ብታገኚ እንኳ ለመደርደሪያ አልመክርሽም። ሙቀቱ ያደርቀውና ተሰባሪ ያደርገዋል፤ መጽሐፍ ሲከመርበት መሃሉ ላይ ይከዳል፣ ብሎን ስታስገቢም ይሰነጠቃል። ለግድግዳ ልባስ ግን ግሩም ነው።

ያለሽን ጣውላ ሞራሌ እያስገባሽ፣ ፀሐይ በማያገኘው ግን ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ አድርቂው። ከዚያ ጥቁር ቡናማ የእንጨት ቀለም፣ ከላዩ ቫርኒሽ። መላጊያ አትድከሚበት፣ ሰማያዊው ጠልቋል። ከሁሉ በፊት ግን ጠቆር ያለው ላይ የቢላ ጫፍ ሰካ አድርጊ። እምቢ ካለሽ ደህና ነው፤ ዘው ካለ በስብሷል፣ እሱን ለማገዶ።