ያገለገሉ መጫወቻዎችን በጅምላ ልትገዢ ላሰብሽው እኅት፦ ካርቶኑን ከፍተሽ ሳታዪ አትፈርሚ

እኅቴ፣ «ቤቴ ውስጥ የሕፃናት ማቆያ ልከፍት ነው፤ ለመጫወቻ የመደብኩት 400 ዶላር ነው፤ አንድ የኢንተርኔት ሻጭ 12 ካርቶን ያገለገለ መጫወቻ ማጓጓዣውን ጨምሮ በ260 ዶላር እሰጥሻለሁ ብሎኛል፤ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ብለሽ የጻፍሽውን ትናንት ማታ የመጨረሻውን ልጅ ለእናቱ አስረክቤ ወለሉን ስጠርግ አነበብኩት። ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ቡናዬን አጠገቤ አድርጌ በሰፊው ልመልስልሽ። ሜሪላንድ ውስጥ ፈቃድ አውጥቼ ቤቴ ልጆች መያዝ ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ስጀምር በእጄ የነበረው ገንዘብ ካንቺው ብዙም አይርቅም ነበር።

ያገለገለ መግዛት ያዋጣል። ዛሬ ልጆቹ ከሚጫወቱባቸው ዕቃዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከእኔ ቤት በፊት ሌላ ልጅ ያሳደጉ ናቸው። ወደዚህ የደረስኩት ግን 380 ዶላር ከስሬ፣ ሁለት ወርም እንቅልፍ አጥቼ ነው፤ አንቺ በዚያው መንገድ እንዳትሄጂ እፈልጋለሁ።

1. በክብደት ወይም በካርቶን ብዛት የሚሸጥ ጥቅል አትግዢ። «የተደባለቀ የሕፃናት መጫወቻ፣ እንዳለ» የሚል ማስታወቂያ ታያለሽ። «እንዳለ» የምትለዋ ቃል፣ ምንም ቢገኝበት ሻጩ አይጠየቅም ማለት ናት። ክብደት የሚያነሣውም ምን እንደሆነ አስቢ፦ ባትሪው ውስጡ የፈሰሰ የሙዚቃ ጠረጴዛ፣ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ፣ ውሃ የጠጣ መጽሐፍ። ልጆች ቀኑን ሙሉ የማይለቁት የጨርቅ ኳስና የሚደረደር ኩባያ ሚዛን ላይ ምንም አይመዝንም።

2. ገንዘቡን ዕቃውን ካየሽበት የኢንተርኔት መገበያያ መድረክ ውጭ አትላኪ። ሻጩ «በቀጥታ ከባንክ ወደ ባንክ ብትልኪልኝ 40 ዶላር እቀንስልሻለሁ» ይልሻል፤ ለእኔ እንደዚያ ብሎኛል። መድረኩ ለገዢ የሚሰጠው ዋስትና የሚሠራው በእሱ በኩል ስትከፍይ ብቻ ነው። በቀጥታ የላክሽው ገንዘብ ከእጅሽ ከወጣ ወጣ ነው። «በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚባለው በእኔ ላይ ደረሰ፤ ሳሩ ያ 40 ዶላር ነበር።

3. ዕቃው በጭነት ድርጅት በኩል የሚመጣ ከሆነ ካርቶኑን ከፍተሽ ሳታዪ አትፈርሚ። ሦስተኛ ላይ ያስቀመጥኩት ተራው ስለሆነ ነው እንጂ፣ ከዚህ ሁሉ ይህችን ብቻ ብትይዢልኝ ይበቃኛል።

የእኔ ዕቃ ከሌላ ግዛት ዘጠኝ ካርቶን ሆኖ፣ የእንጨት ፓሌት ላይ ታስሮ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ መጣ። ሻጩ «ማጓጓዣው ተከፍሏል» ብሎኝ ነበር። የተከፈለው ግን እስከ ጭነት ድርጅቱ መጋዘን ድረስ ነው። መኖሪያ ቤት ድረስ ለማምጣት ሌላ ክፍያ አለ፤ ፓሌቱን የሚያወርድ ማንሻ ያለው መኪና ከተፈለገ ደግሞ ሌላ። ይህን ማንም አልነገረኝም። ሦስት ቀን እየደወልኩ ሙዚቃ ስሰማ ቆየሁ፤ በአራተኛው ቀን ሰው ሲያነሣልኝ የማከማቻ ኪራይ መቁጠር ጀምሯል አሉኝ። ባለቤቴ የጓደኛውን ቫን ተውሶ፣ እኔ የስምንት ወር ልጄን አዝዬ ሄድን።

መስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ሴት ቀና ብላ ሳታየኝ ወረቀት ገፋችልኝ። «መጀመሪያ ከፍቼ ልየው» ስላት «መጀመሪያ ፈርሚ፤ ከኋላሽ ሰው እየጠበቀ ነው» አለችኝ። ከኋላዬ ማንም አልነበረም። አነጋገሬን ስትሰማ ያንኑ ቃል፣ ለሕፃን እንደሚነገር፣ እየቆራረጠች ደገመችልኝ። በዚህ አገር ለዓመታት ሠርቼ ግብር ከፍያለሁ፤ ልጄም የተወለደችው እዚህ ነው፤ ያን ቀን ግን ትናንት ከአውሮፕላን እንደወረደ ሰው አሸማቀቀችኝና ፈረምኩ። በላዩ ላይ 75 ዶላር የማከማቻ ከፈልኩ። ያቺን ደቂቃ እስከ ዛሬ ሳስታውሳት ያንገበግበኛል።

ቤት ገብተን ስንከፍተው ሦስቱ ካርቶኖች ከሥራቸው ርሰው፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ሻጋታ ለብሷል። ጭነት ድርጅቱ ጋ ስደውል «ዕቃው በደህና ሁኔታ መድረሱን ፈርመሻል» አሉኝ። መድረኩ ክፍያው በእኛ በኩል ስላልሆነ አያገባንም አለኝ። ሻጩ ስልኩን አላነሣም። አንቺ ግን መብትሽን ዕወቂ፦ በመረከቢያ ወረቀቱ ላይ «ካርቶኑ ርሷል»፣ «ሦስት ካርቶን ተቀዷል» ብለሽ በእጅሽ ጽፈሽ ከዚያ መፈረም ትችያለሽ። ፎቶም እዚያው ቆመሽ አንሺ። ካሳ ስትጠይቂ የሚታይልሽ ያ ጽሑፍ ነው።

እናቴ ያኔ ከደብረ ብርሃን መጥታ ነበር። ገንዳውን በሳሙና ውሃ ሞልታ ሦስት ቀን ሙሉ ስታጥብ፣ ስትፈትግ፣ ሰገነት ላይ ስታሰጣ ከረመች። የገላ መታጠቢያ ዳክዬዎቹን ስትጨምቃቸው ጥቁር ቅርፊት ሲወጣ «ልጅ አፉ ውስጥ የሚከተው ይህንን ነው?» ብላ እጇን ይዛ ቀረች። እንዲህ ያለ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው የውሃ መጫወቻ ውስጡ በደንብ አይደርቅም፤ ያገለገለ ከሆነ በነጻ ቢሰጡሽም አትቀበይ። ከዘጠኙ ካርቶን በመጨረሻ የተረፈን ሁለት ያህል ነው።

ከተረፈው ውስጥ አንድ ወደኋላ ያዘነበለ የሕፃን መኝታ ነበር፤ ንጹሕ፣ አዲስ የሚመስል። ደስ ብሎኝ ሳሎን አቆምኩት። ቡና ልትጠጣ የመጣች ነርስ ጓደኛዬ ገና በሩ ላይ ሆና አይታ «ይህን ዛሬውኑ አውጪው» አለችኝ። እንዲህ ባለው መኝታ ላይ የሕፃኑ አንገት ወደፊት ይታጠፍና ትንፋሹ ሊዘጋ ይችላል። የልጆች ዕቃ አምራቹ ፊሸር ፕራይስ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ብቻ ወደ 4.7 ሚሊዮን የሚጠጉ እንዲህ ያሉ መኝታዎችን ከገበያ እንዲመለሱ አድርጓል፤ በ2022 የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ ከ10 ዲግሪ በላይ ያዘነበለ የሕፃን መኝታን ጨርሶ ከልክሏል። በየሰው ጓዳ የቀረው ግን ዛሬም በጅምላ ጥቅሎች ውስጥ ተደብቆ ይመጣል። የእኔን ማንም እንዳያነሣው በመጋዝ ቆርጠን ጣልነው።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ዕቃ ቤቴ ከመግባቱ በፊት ገልብጬ ጀርባውን አነባለሁ። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ (ኦገስት) 14 ቀን 2009 በኋላ ለተሠራ የልጅ ዕቃ አምራቹን፣ የተሠራበትን ቀንና ቦታ የሚገልጽ መለያ ግዴታ ነው። መለያ ከሌለው፣ በተለይ ቀለም የተቀባ እንጨት ወይም ብረት ከሆነ፣ ተይው፤ በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ በዓይን አይታይም። መለያ ካለው የሞዴል ቁጥሩን በአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን (CPSC) ድረ ገጽ ላይ ፈልጊ፤ ከገበያ የተመለሰ ከሆነ ወዲያው ይነግርሻል።

4. የሶፍት ውስጠኛ ካርቶን ሁልጊዜ በቦርሳሽ ያዢ። ኮሚሽኑ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሠራ መጫወቻን የሚለካበት ሲሊንደር ስፋቱ 3.17 ሴንቲሜትር ነው፤ የሶፍቱ ካርቶን ከዚያ ትንሽ ስለሚሰፋ በእሱ ውስጥ የሚያልፈውን ሁሉ፣ ሕፃን ሊያንቅ ስለሚችል፣ አስወግጂ። እኔ ሻጩ ፊት ነው የምለካው፤ መጀመሪያ አፍር ነበር፣ አሁን አላፍርም። የባትሪው ክዳን በብሎን ካልታሰረ አትውሰጂ። ሕፃን የአዝራር ባትሪ ቢውጥ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ሊያቃጥለው ይችላል። ሁለት ማግኔት ቢውጥ ደግሞ አንጀቱን መሐል አድርገው ይሳሳባሉ።

የጨርቅ አሻንጉሊት ከሆነ ትኋንን አትርሺ። ከጎረቤቴ ቤት ትኋን ለማስወጣት ስንት እንደወጣ አይቻለሁ። እኔ ከበሩ ሳላልፍ በላስቲክ ከረጢት አስሬ በቀጥታ ማድረቂያው ውስጥ እከተዋለሁ፤ በከፍተኛ ሙቀት ግማሽ ሰዓት። ሙቀት የማይችለውን አራት ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድራለሁ፤ ማቀዝቀዣው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት።

አሁን የምገዛው ከአንድ ቤተሰብ ብቻ ነው፦ ልጁ ካደገበት፣ ወይም ቤት ከሚቀይር፣ በመኪና በግማሽ ሰዓት ከምደርስበት። ወር መጨረሻ ላይ ብዙ ይወጣል፤ ቤት የሚለቅ ሰው ዋጋ አይከራከርም። ባለፈው መስከረም ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ሁለት ባልዲ ዱፕሎ (ለትናንሽ ልጆች የሚሠራ ትልልቅ ሌጎ) በ35 ዶላር ገዛሁ። ለብ ባለ ውሃ፣ ከ40 ዲግሪ ሳይበልጥ፣ በእጄ አጥቤ በፎጣ ላይ ሳሰጣው አዲስ ሆነ። የመንግሥት ተቆጣጣሪዋ ስትመጣ መደርደሪያውን አንድ በአንድ አይታ፣ እነዚህን አዲስ ነው የገዛሻቸው ብላ ጠየቀችኝ። እናቴን በስልክ ደውዬ ነገርኳት፤ እልል አለች።

ስለዚህ ወደ አንቺ 12 ካርቶን ልመለስ። ለሻጩ ዛሬ ከመምሸቱ በፊት ሁለት ነገር ጻፊለት፦ «ማጓጓዣው የተከፈለው እስከ ቤቴ በር ነው ወይስ እስከ መጋዘን?» እና «በመድረኩ በኩል ልከፍልህ እችላለሁ?» የሚመልስልሽን እዚሁ ለጥፊልኝ፤ ሳላየው ብር እንዳትልኪ።