ትወናን ለመረጡ ወጣቶች

በትወና ሙያ ለመኖር የቆረጣችሁ ልጆቼ፣ ገና ከጅምሩ «መልኬ ለካሜራ ይሆናል ወይ?» እያላችሁ ስትጨነቁ እሰማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2025 በ95 ዓመቱ ያረፈው አሜሪካዊው ተዋናይ ጂን ሃክማን በካሊፎርኒያው ፓሳዴና ፕሌይሃውስ ትወና ሲማር፣ የክፍል ጓደኞቹ እሱንና በኋላ እንደሱው ዝነኛ ተዋናይ የሆነውን ደስቲን ሆፍማንን የትም እንደማይደርሱ ፈርደውባቸው ነበር። ከዚያም ኒውዮርክ ገብቶ በበር ጠባቂነት ጭምር እየሠራ ቆየ፤ ተመልካች በቅጡ ያወቀው በ1967 «ቦኒ ኤንድ ክላይድ» የተሰኘው ፊልም ሲታይ፣ በ37 ዓመቱ ነው። በ1971 በተሠራው «ዘ ፍሬንች ኮኔክሽን» በመሪ ተዋናይነት ኦስካር አገኘ።

እኔ ግን ከሽልማቶቹ ይልቅ 1974ን አስበልጣለሁ። በ«ዘ ኮንቨርሴሽን» የሰው ጨዋታ በድብቅ እየቀዳ የሚኖር፣ ሰማዩ ጠርቶም ሳለ ስስ የዝናብ ካፖርቱን የማያወልቅ፣ የራሱን ጓዳ ግን ለማንም የማይገልጥ ሰው ነው። በዚያው ዓመት በወጣው «ያንግ ፍራንከንስታይን» ደግሞ ዓይነ ስውር ባሕታዊ ሆኖ እንግዳውን ሊጋብዝ ሲል ትኩስ ሾርባ በእንግዳው ጭን ላይ ይደፋል። ላስቅ ብሎ አንዲት ነገር አይጨምርም፤ እንግዳ በማግኘቱ ከልቡ የተደሰተ ብቸኛ ሰው ሆኖ ይሠራል፣ የምንስቀውም ለዚሁ ነው። (ኮሜዲ ማለት ፊትን ማጣመም የሚመስላችሁ ይህን ደጋግማችሁ እዩልኝ።)

ሃክማን የ13 ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ቤተሰቡን ጥሎ ሲሄድ፣ መንገድ ላይ ይጫወት ለነበረው ልጁ ከመኪናው ውስጥ እጁን አውለብልቦለት አለፈ። አንዲት ትንሽ የእጅ እንቅስቃሴ ይህን ያህል ትርጉም እንዳላት ከዚያ በፊት እንዳላወቀ፣ ተዋናይ የሆነውም ምናልባት በዚህ ምክንያት እንደሆነ ካረጀ በኋላ ተናግሯል። እናንተ ግን ለልምምድ ስትመጡ ቃለ ተውኔቱን አጥንታችሁ እጃችሁን ረስታችሁ ትመጣላችሁ።

ጨካኝ ሰው እንድትሠሩ ሲሰጣችሁ ደግሞ፣ በ1992 ወጥቶ ሁለተኛውን ኦስካር ያስገኘለትን «አንፎርጊቨን» ተመልከቱ። ሰው እየደበደበ ከተማውን የሚያንቀጠቅጠው ሸሪፍ (ሕግ አስከባሪ) በትርፍ ጊዜው ቤቱን በገዛ እጁ ይሠራል፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ ስለ አናጢነቱ ሲነካም ይከፋዋል። ሃክማን ከጭካኔው ይልቅ ይህን ኩራት አጥብቆ ይዞታል። እናንተም የክፉ ሰው ሚና ስትቀበሉ ሰውየው በምን እንደሚኮራ ከጽሑፉ ፈልጋችሁ ካገኛችሁ በኋላ ብቻ ወደ ልምምድ ግቡ።