አሲዱ ነው ወይስ ካልሲየሙ?

ውድ እህታችን፣ ፕሮቲንዎ በፒኤች (በአሲድነት መለኪያ) 7.4 ከሊፖዞም (በቅባት ሽፋን ከተሠራ ጥቃቅን ከረጢት) ጋር የሚጣበቀው ካልሲየም ሲኖር ብቻ እንደሆነ፣ በፒኤች 5 ግን ካልሲየምን ይዞ የሚያስቀረው ኢጂቲኤ የተባለ ኬሚካል ተጨምሮበትም እንደሚጣበቅ ገልጸው፣ ካልሲየም አያስፈልገውም ማለት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም ሐዋሳ ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ ስሠራ ይኸው ጥያቄ ገጥሞኝ ስለነበር ያየሁትን ላካፍልዎ።

ከሁሉ በፊት ሊፖዞም የሌለበትን ቱቦ በዚያው ፒኤች አዘጋጅተው በሴንትሪፊውጅ ያዙሩት። እኔ ይህን ሳላደርግ፣ በፒኤች 5 ወደ ታች የወረደውን ፕሮቲን ሁሉ ከሽፋኑ ጋር እንደተጣበቀ ቆጥሬ ለሳምንታት ደክሜአለሁ፤ በመጨረሻ ሊፖዞም የሌለበት ቱቦም ያንኑ ያህል ዝቃጭ ሲያሳየኝ ውጤቱን በሙሉ መጣል ግድ ሆነብኝ። ነገሩ ወተት ሲረጋ ከምናየው የተለየ አይደለም፤ አሲዱ እየጨመረ ፒኤች ወደ 4.6 ሲጠጋ ኬዚን የተባለው የወተት ፕሮቲን አሉታዊና አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙሎቹ ስለሚመጣጠኑ፣ እርስ በርስ መገፋፋቱን ትቶ ይያያዛል። ሙላቸው የሚመጣጠንበት ፒኤች 5 አካባቢ የሆነ ፕሮቲኖች ብዙ ናቸው።

ሁለተኛው ችግር ኢጂቲኤ ራሱ ነው። በፒኤች 7.4 ካልሲየምን አጥብቆ ቢይዝም፣ በአሲድ ውስጥ ካልሲየም የሚይዝባቸውን ቦታዎች ፕሮቶን ስለሚቀማው ጉልበቱ እጅግ ይዳከማል፤ በፒኤች 5 ሊይዘው የሚችለው ካልሲየሙ በሚሊሞላር ደረጃ ሲገኝ ነው። ስለዚህ «ካልሲየም የለም» ያሉት ቱቦ ውስጥ ካልሲየም ሊኖር ይችላል። እንደ ኢጂቲኤ ካልሲየም ከሚይዙት ኬሚካሎች ባፕታ በዚህ ፒኤች በእጅጉ ይሻላል፣ ኢዲቲኤም ከኢጂቲኤ የተሻለ ነው። ዕቃው በቧንቧ ውሃ ብቻ ታጥቦ ከሆነም ካልሲየም ይዞ ይቀራልና፣ በኢዲቲኤ ካጠቡ በኋላ አዮን በተወገደለት ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁት።

እነዚህን ካለፉ በኋላም ፕሮቲኑ የሚጣበቅ ከሆነ፣ ውጤቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ፎስፋቲዲልሰሪን የተባለ ቅባት ያለበት ሽፋን አሉታዊ ሙል አለው፤ ከፕሮቲኑ አሚኖ አሲዶች ግሉታሜትና አስፓርቴትም በፒኤች 7.4 አሉታዊ ስለሆኑ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ድልድይ ካልሲየም ነው። አሲዱ ሲጨምር ግን እነዚህ አሚኖ አሲዶች ፕሮቶን ተቀብለው ሙላቸውን ያጣሉ፣ ሌላው አሚኖ አሲድ ሂስቲዲንም ከፒኤች 6 በታች አዎንታዊ ይሆናል፤ ድልድዩ ባይኖርም ፕሮቲኑ ወደ ሽፋኑ ይቀርባል። አኔክሲን ኤ5 የተባለው ከሽፋን ጋር የሚጣበቅ ፕሮቲን በገለልተኛ ፒኤች ካልሲየም ቢፈልግም በአሲድ ያለ ካልሲየም እንደሚጣበቅ የታወቀ ነው።

የአጣበቁን ዓይነት ለመለየት፣ በፒኤች 5 የተጣበቀውን ወስደው ከኢዲቲኤ ጋር ወደ 7.4 ይመልሱት። ከለቀቀ የያዘው በገጽ ላይ ያለ መሳሳብ ሳይሆን አይቀርም፤ ይህንንም በፒኤች 5 ሶዲየም ክሎራይዱን ወደ 500 ሚሊሞላር ከፍ አድርገው ማጣራት ይችላሉ። ካልለቀቀ ወደ ሽፋኑ ዘልቆ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ፎስፌት በፈር (ፒኤችን የሚያጸና ውህድ) ግን አይጠቀሙ፤ ከካልሲየም ጋር ዝቃጭ ስለሚሠራ ለ7.4 ሄፔስን፣ ለ5 አሲቴትን ይምረጡ።